የት ደረስህ? የት ደረስሽ?
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የእንግሊዝኛ ክፍል ልጆችን ከደረሱበት ተነሥቶ ስለ ማስተማር

እንድናገር የተጠየቅሁት በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ፣ ዕውቀታቸውና አኗኗራቸው የማይመሳሰል ልጆችን እንግሊዝኛ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ነው። ጉዳዩ የመምህራን ብቻ ቢመስልም የወላጅም ነው፤ ልጁን ከስንቁ ጋር ወደ ከተማ የሚሸኝ ገበሬ ያ ስንቅ ምን እያፈራ እንደሆነ የማወቅ መብት አለውና።

ዓላማዬን በአጭሩ ልናገር። እኛ መምህራን ትምህርቱን አስረድተን ስንጨርስ ወደ ክፍሉ ዞረን «ገባችሁ?» እንላለን። ክፍሉም ባንድ አፍ «አዎ!» ይላል። ያ «አዎ» የስልሳ ልጅ ድምፅ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የፊተኛው ረድፍ ድምፅ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ «የት ደረስህ? የት ደረስሽ?» በሚለው እንድንተካው ነው። የመጀመሪያው ለጉባኤ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ለአንድ ሰው። ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ በክፍላችን የተቀመጡት ልጆች እነማን እንደሆኑ እንመለከታለን። ቀጥሎ ይህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ተማሪን እንዴት ያስተምር እንደነበር እናስታውሳለን። በመጨረሻም ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ምን ማድረግ እንደሚቻል አሳያለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አንድ የ9ኛ ክፍል ዴስክ በዓይነ ኅሊናችሁ አስቀምጡ፤ ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠውበታል። አንዱ የነፋስ መውጫ ወይም የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ቤት ውስጥ ስልክና ቴሌቪዥን አለ፣ እንግሊዝኛ በጆሮው ያልፋል። ሁለተኛው ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት የተከራየ ነው፤ አርብ ከሰዓት ስንቁን ለማምጣት ወደ ቤተሰቡ ይወርዳል፣ ሰኞ ጠዋት ገና በመንገድ ላይ ሳለ ስም ተጠርቶ ያልፋል። ሦስተኛዋ ልጅ ከትምህርት በፊት ውኃ ቀድታ፣ ከትምህርት በኋላ ጋግራ የምታድር ናት፤ ደብተሯን የምትገልጠው ሌላው ሲተኛ ነው። ሦስቱም በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ፍጥነት ይማራሉ ተብሎ ይታሰባል።

አገሩ ራሱ ልዩነት ያለበት አገር ነው። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ገብስና ድንች ሲያበቅል፣ ስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረደ ቆላ ይሆናል። የደጋው ልጅና የቆላው ልጅ ለአጨዳና ለጥበቃ የሚፈለጉበት ወቅት አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከክፍል የሚቀሩበትም ሳምንት አንድ አይደለም። ደቡብ ጎንደር በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ሆኖ መቆየቱንም እናውቃለን። ዓይኑን የሚያመው ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ሲቀር «ሰነፍ ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ከፊት እንዲቀመጥ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልጁን ማየት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የተቋረጡት ዓመታት አሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ከረሙ። አንዱ ልጅ በእነዚህ ጊዜያት ዘመድ ዘንድ ሌላ ከተማ ሄዶ ተማረ፤ ሌላው እርፍ ጨበጠ። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲገናኙ በመካከላቸው የሁለትና የሦስት ዓመት ትምህርት ሊኖር ይችላል። ይህን ክፍተት ልጁ አልፈጠረውም፤ ተሸክሞት ግን ይመጣል።

ለምን በተለይ እንግሊዝኛ እንደሚያሳስበኝ ላስረዳ። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ወደኋላ የቀረ ልጅ በአንድ ትምህርት ብቻ አይቀርም፤ በሁሉም ይቀራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በማግሥቱ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ አጥርቶ አለማንበብ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ቋንቋውም በራሱ ለልጆቻችን ሁለት መሰናክል አለው። ፊደላችን ታማኝ ነው፤ «ቢ» ሁልጊዜ «ቢ» ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ተጽፎ የማይነበብ አለው፤ ቢላዋን «ናይፍ» ሲሉ ከፊት የተጻፈው «ኬ» ድምፁ አይሰማም። የዓረፍተ ነገሩ ሥርዓትም ሌላ ነው። እኛ «ገበሬው ድንች ዘራ» ብለን ግሱን መጨረሻ ላይ ስናሳርፍ፣ እንግሊዝኛ «ገበሬው ዘራ ድንች» ይላል። ይህን መሰናክል አንዳንዱ ልጅ በ3ኛ ክፍል ተሻግሮታል፤ አንዳንዱ 9ኛ ክፍል ደርሶም በሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱን «ገባችሁ?» ብሎ በአንድ ላይ መጠየቅ ለሁለቱም አይጠቅምም፤ የተሻገረው ይሰለቻል፣ የቆመው ዝም ይላል።

እዚህ ላይ የክፍላችንን መልክ አየን ብዬ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልሻገር። ልጆችን እንደየደረሱበት ማስተማር ሲባል ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ፣ ለሃያ ልጅ ክፍልና ለሀብታም አገር የተሰፋ ልብስ ይመስለናል። እውነት ነው፣ በዘመናችን ሐሳቡን በመጽሐፍ አደራጅተው ካስፋፉት መካከል በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካሮል አን ቶምሊንሰን ይጠቀሳሉ። እርሳቸው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ መምህሩ የልጁን ዝግጁነት፣ ፍላጎትና የአማማር ልማድ አይቶ የሚማረውን ይዘት፣ የሚማርበትን ሂደት ወይም የተማረውን የሚያሳይበትን መንገድ ማስተካከል ይችላል። መልካም ሐሳብ ነው። ግን ይህን ስሰማ ለእኔ ትዝ የሚለኝ ቨርጂኒያ አይደለም፤ ቤተልሔምና ዙር አምባ ናቸው።

የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ የዚህ ምድር ናቸው። ከአራቱም ማዕዘን ደቀ መዝሙር ወደዚህ ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠራ እዚህ ያሉት አባቶች ከእኔ በላይ ያውቁታል። በንባብ ቤት አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ግዕዝ ንባብ ላይ ነው፣ ሌላው ውርድ ንባብ፣ ሌላው ቁም ንባብ ደርሶ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያነባሉ፤ ግን ማንም የሌላውን ገጽ አያነብም። የኔታ ተራ በተራ ያስጠጉና ልጁን ከደረሰበት ይቀበሉታል። ካልጠራው እዚያው ይመለሳል፤ ከጠራው ያልፋል። «ክፍሉ ስላለፈ አንተም እለፍ» የሚባል ነገር የለም።

ቅኔ ቤት ደግሞ ይበልጥ ያስተምረናል። ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። መምህሩ ለጉባኤው ሁሉ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሁሉም ይሰማል፣ እያንዳንዱም ከሰማው እንደ አቅሙ ይወስዳል። ከዚያ ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ይዞ መጥቶ ይነግራል፤ ይታረማል። መምህሩ ሁሉን መስማት ሲያቅታቸው ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የታናሹን ቅኔ ይሰማል። ልብ በሉ፤ የጋራ ትምህርት አለ፣ የግል ሥራ አለ፣ ለእያንዳንዱ የሚመጥን መሰላል አለ፣ የሚያደምጥ ጆሮ አለ። መሰላሉ ለሁሉም አንድ ነው፣ ጫፉም ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለያየው ዛሬ የቆሙበት እርከን ነው።

አንድ ተማሪዬን ላንሣ። በወጣትነቴ ሳስተምር በእንግሊዝኛ ፈተና ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጋር የሚመደብ ልጅ ነበር፤ እኔም በዕቅዴ ላይ «ደካማ» ከሚለው ረድፍ ጽፌዋለሁ። አንድ ቀን ደብተር ሳርም በኋለኛው ገጽ ላይ ያልተለመዱትን የእንግሊዝኛ ግሶች በየወገናቸው ደርድሮ አገኘሁ። «ሲንግ - ሳንግ»፣ «ሪንግ - ራንግ»፣ «ድሪንክ - ድራንክ» በአንድ ረድፍ፤ «ብሪንግ - ብሮት»፣ «ቲንክ - ቶት»፣ «ባይ - ቦት» በሌላ፤ «ካት» እና «ፑት» ያሉት የማይለወጡት ደግሞ በሦስተኛ። ማን አሳየህ ብለው፣ «ቅኔ ቤት ሳለሁ ግስ የምናጠናው እንዲህ ነበር፤ የግስ አርእስቱ ስምንት ነው፣ ሌላው ሁሉ በእነሱ ሥር ይገባል» አለኝ። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ ያጠናውን ልጅ እኔ የግስ ዝርዝር በቃል ሸምድድ እያልኩ ሳስጨንቀው ከርሜያለሁ። በማግሥቱ ያንን ገጽ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፈው ጠየቅሁት፤ ክፍሉ በሙሉ ገለበጠው። ልጁ ደካማ አልነበረም። የት እንደደረሰ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

አሁን ከአብነቱ ትምህርት ቤት ልማድ ጋር ሁለት የቅርብ ዘመን ልምዶችን አነጻጽሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በስክሪን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ገባ። በቂ መምህር ለሌለበት ክፍል ጥሩ ትምህርት ለማድረስ የታሰበ ስለነበር ሐሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የነበረው መምህር ለአዲስ አበባውም ለስማዳውም ልጅ በአንድ ፍጥነት ይናገር ነበር፤ ጥያቄ ጠይቆ ሰከንድ ቆጥሮ መልሱን ራሱ ይሰጥ ነበር፤ ያልደረሰበትን ልጅ ቆሞ አይጠብቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ አንድ ተማሪ ሌሎች አምስት የሚመራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ደግሞ ለአስነጋሪው ሥርዓት የቀረበ ይመስል ነበር። በብዙ ክፍል እንዳየሁት ግን መሪው ሁልጊዜ ያው አንድ ልጅ ሆነ፤ ሥራውም ማድመጥ ሳይሆን መልስ ማስገልበጥና ቅጽ መሙላት ሆነ። አስነጋሪ የታናሹን ቅኔ ይሰማል እንጂ በእርሱ ፈንታ አይቀኝለትም። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ መሣሪያውና አደረጃጀቱ ሲመጣ ጆሮው አብሮ አልመጣም።

የአብነቱን ትምህርት ቤት ግን እንዳለ እንመልሰው እያልኩ አይደለም። እዚያ ደወል የለም፣ ልጁ በሚወስድበት ዓመት ልክ ይማራል፤ እኛ የትምህርት ዘመን ካላንደርና ብሔራዊ ፈተና አለብን። እዚያ አለንጋ ነበር፤ እኛ አለንጋ አንፈልግም። ከሁሉም በላይ በዚያ ጥላ ሥር ሴት ልጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በእኛ ክፍል ግን እህቶቻችንና ልጆቻችን ተቀምጠዋል። ስለዚህ የምንወስደው ልማዱን ሁሉ ሳይሆን ጥያቄውን ነው፤ እርሱንም በሁለት ጾታ እንጠይቀዋለን።

ወደ ሦስተኛውና ለመምህራን ይበልጥ ወደሚቀርበው ክፍል ልለፍ። በአንድ የ9ኛ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ እንበል፤ ፎቶ ኮፒ የለም፣ መጽሐፉም ለሁሉም አልደረሰም። መምህሯ በሰሌዳው አናት ላይ ስድስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ትጽፋለች። ጉና ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከእርሱ ይነሣሉ፤ ሁለቱም ወደ ጣና ይፈስሳሉ፤ ገበሬዎቹ ገብስና ድንች ያበቅላሉ፤ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ልጆች ከብት እየጠበቁ ይማራሉ። ይህን በመጀመሪያ እርሷ ታነባለች፤ ቀጥሎ ክፍሉ ከእርሷ ጋር ያነባል። ከባዱን ቃል በአማርኛ ብትፈታ ነውር የለበትም፤ የቃሉ ትርጉም የተገለጠለት ልጅ ለእንግሊዝኛው ትኩረት ይተርፈዋል። ይህ የጋራው ክፍል ነው፤ እንደ ቅኔ ቤቱ ዘረፋ ሁሉም ይሰማዋል።

ከዚያ ከሥሩ በሰሌዳው ግራ፣ መካከልና ቀኝ ሦስት ሥራ ትጽፋለች። በግራ በኩል ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዳንድ ቃል ጎድሎ፣ የጎደሉት ቃላት ከታች ተደርድረዋል፤ ልጁ መርጦ ይሞላል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ያነባል። በመካከል አራት ጥያቄ አለ፤ መልሱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በቀኝ በኩል ደግሞ «አንተ ስለምታውቀው ተራራ ወይም ወንዝ ስድስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ይላል፤ የስማዳው ልጅ ስለ በሽሎ ይጽፋል። ተማሪው በየትኛው እንደሚጀምር መምህሯ ትመራዋለች፤ ግራውን የጨረሰ ወደ መካከል፣ መካከሉን የጨረሰ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ሁሉም ስለ ጉና ነው የሚማሩት፤ ወደ አንድ ጫፍ ነው የሚወጡት። ለሰነፍ የቀለለ፣ ለጎበዝ የከበደ ሌላ ትምህርት የለም፤ አንድ ትምህርት በሦስት እርከን ነው።

ልጆቹ እየጻፉ ሳለ መምህሯ ዋናውን ሥራ ትሠራለች። ትንሽ ማስታወሻ ይዛ አምስት ልጆች ጋ ትሄዳለች። እያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያነብላታል፤ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። በስሙ አጠገብ አንድ መስመር ትጽፋለች፦ «ቃሉን ያውቃል፤ ያለፈ ጊዜ ግስ ላይ ቆሟል»፤ «ማንበብ ትችላለች፤ ድምፅ አውጥታ አታውቅም»። በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ልጅ፣ በ12 ክፍለ ጊዜ ስልሳው በሙሉ ይሰማል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖራት ሁለት ሳምንት ተኩል አይሞላም። የቀሩትን ደግሞ ልጆች እርስ በርሳቸው ይሰሙ፤ ግን ሰሚው በየሳምንቱ ይቀየር፣ መልስ መስጠት ሳይሆን ማድመጥና «እንደገና አንብበው» ማለት ይማር። ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚደመጠው ልጅ ነገ በግስ አደራደር ሰሚ ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ተማሪ ያሳየኝ ይህንን ነው።

ሦስት ተቃውሞ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። አንደኛው «ይህ ደረጃ ዝቅ ማድረግ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ደረጃ የሚወርደው ማንበብ ላልቻለ ልጅ ምንባቡን እንዳነበበ ቆጥረን ስናሳልፈው ነው። ሁለተኛው «ልጆቹን በደካማና በጎበዝ ከፋፍሎ ማዋረድ ይሆናል» ይላል። ይህ ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ መድኃኒቱም ምድቡ እንዳይረጋ ማድረግ ነው። ልጁ በግራ በኩል የሚጀምረው ዛሬ ነው፤ በሚቀጥለው ርዕስ በመካከል ሊጀምር ይችላል። ስም የምንሰጠው ለእርከኑ ነው እንጂ ለልጁ አይደለም። ሦስተኛው «መጽሐፉን አንጨርስም» የሚል ነው። እኔም መጽሐፍ ጨርሼ አውቃለሁ፤ የጨረስኩት ግን እኔ ነበርኩ፣ ልጆቹ አልነበሩም። በሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በቻሉበት ደረጃ እየመደበ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ሲያስተምር፣ ንባባቸው እንደሚሻሻል በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። የእነርሱ ትምህርት ቤቶችም እንደ እኛው የተጨናነቁና የደኸዩ ናቸው።

ከመጨረሴ በፊት ለየወገኑ አንዳንድ ነገር ላቅርብ። ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች፦ ወደ ክፍል ስትገቡ ዕቅዱ መሞላቱን ብቻ አትዩ፤ ያቺን ትንሽ ማስታወሻም ጠይቁ። መምህሩ ስለ ሃያ ልጆች ሃያ የተለያየ መስመር መጻፍ ከቻለ፣ እርሱ እያስተማረ ነው። ለወላጆች፦ እንግሊዝኛ ባታውቁ እንኳ ልጃችሁን «ዛሬ ያነበብከውን አንብብልኝ» በሉት፤ ትርጉሙን በአማርኛ ያስረዳችሁ። የሚያስረዳችሁ ከሆነ ደርሶበታል፤ ካልሆነ ለመምህሩ ንገሩት። ለባልደረቦቼ መምህራን፦ ሸክማችሁ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር ነገ ለውጡ አልልም። በሳምንት አንድ ትምህርት በሦስት እርከን አዘጋጁ፤ በየቀኑ ግን አምስት ልጅ ስሙ።

ነገ ጠዋት ከጀመራችሁ፣ በ12ኛው ክፍለ ጊዜ ተራው ከኋለኛው ረድፍ ጥግ ወደተቀመጠችው ልጅ ይደርሳል። «ገባችሁ?» ሲባል ከሁሉም ጋር «አዎ» ትል የነበረችው እርሷ ናት። አጠገቧ ዝቅ ብላችሁ «የት ደረስሽ?» በሏት። መጀመሪያ ዝም ትል ይሆናል፤ ጠብቋት። ከዚያ ጣቷን በመስመሩ ላይ አድርጋ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ በሁለተኛው ላይ ትቆማለች። የቆመችበት ቃል የነገው ትምህርታችሁ መጀመሪያ ነው።